እስክንድርን ማን ታላቅ አደረገው?

የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድር በ323 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በሰኔ ወር ባቢሎን ላይ ሞተ። ዕድሜው ገና 33 አልሞላም ነበር። በነገሠባቸው 13 ዓመታት ገደማ ግሪክን አንበርክኮ፣ ግብጽን ይዞ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረውን የፋርስ መንግሥት ገልብጦ እስከ ሕንድ ወንዞች ዘልቋል። ሞቱን በጊዜው ከመዘገቡት ሰነዶች እኛ ዘንድ የደረሰው የባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች የጻፉት የሸክላ ጽላት ሲሆን፣ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። እነዚህ ጸሐፍት የሰማዩን ሁኔታ፣ የእህሉን ዋጋ፣ የኤፍራጥስን መሙላትና መጉደል እየተከታተሉ የመመዝገብ ልማድ ነበራቸው። በዚያች ዕለትም ንጉሡ መሞቱንና ሰማዩ መደመኑን አስፍረው አለፉ። ሙገሳም እርግማንም አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት 2300 ዓመታት ይኸው ሰው የአሞን ልጅ፣ የፈርዖን ልጅ፣ የፋርስ ንጉሥ ልጅ ሆኗል። በአሞራ ተጎትቶ ሰማይ ወጥቷል፤ በመስታወት በርሜል ባሕር ጠልቋል፤ ጎግና ማጎግን በብረት ግንብ ዘግቷል፤ በግዕዝ ብራና ላይ ደግሞ ስለ ክርስቶስ መምጣት አስቀድሞ የሚናገር ጻድቅ ሆኗል። ይህ ዳሰሳ የአንድ ድል አድራጊ ምስል እንዴት ከዘመን ዘመን እየተሠራ እንደመጣ በእስክንድር በኩል ይመለከታል። ሥራውን የጀመሩት የራሱ ጸሐፍትና ቀራጮች ናቸው። ዕድሜ የሰጡት ግን በአብዛኛው የተሸነፉለት ሕዝቦች ናቸው፤ ድል አድራጊውን ዘመድ አድርገው ወረሱት።

በሕይወት ሳለ የተጀመረ ሥራ

እስክንድር በ334 ቅ.ል.ክ. ወደ እስያ ሲሻገር ከጦሩ ጋር ታሪክ ጸሐፊም ይዞ ነበር። ካሊስቴነስ ይባላል፤ የመምህሩ የአርስቶትል ዘመድ ነው። ዜና መዋዕል የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰው ሥራ ለመረዳት አይቸገርም፤ ንጉሡ በሄደበት እየሄደ የሚሆነውን ሁሉ ንጉሡን በሚያገን መልኩ መጻፍ ነበር ተግባሩ። በትንሿ እስያ ደቡባዊ ጠረፍ ሠራዊቱ በባሕሩ ዳር ሲያልፍ ውኃው ሸሽቶ መንገድ እንደሰጠው አስመስሎ የጻፈው፣ ሞገዱንም ለጌታው እጅ የሚነሣ ያደረገው እሱ ነው። ይህ ታማኝ ጸሐፊ ግን ሰው ለንጉሡ እንደ ፋርስ ሥርዓት ይስገድ ሲባል ተቃወመ። በ327 ቅ.ል.ክ. በአሽከሮች ሤራ ተጠርጥሮ ተያዘና እዚያው ጠፋ። እስክንድር የውዳሴውን መሠረት የጣለለትን ሰው በራሱ ትእዛዝ አስወገደ።

ከብዕር ጎን መዶሻና ቡሩሽ ነበሩ። ንጉሡ ሐውልቱን ሊሲፐስ ብቻ እንዲቀርጽ፣ ሥዕሉን አፔለስ ብቻ እንዲሥል መፍቀዱን የጥንት ጸሐፍት ይነግሩናል። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ አንገት፣ ወደ ላይ የተመለከተ ዓይን፣ ከግንባር ላይ ተነሥቶ ግራና ቀኝ የሚወርድ ጠጉር፤ ይህ መልክ ከሊሲፐስ እጅ ወጥቶ ለብዙ መቶ ዓመታት የነገሥታት ሁሉ መልክ ሆኗል። አፔለስ ደግሞ በኤፌሶን ቤተ መቅደስ መብረቅ እንደጨበጠ አድርጎ ሥሎታል፤ መብረቅ የዜውስ መሣሪያ ነው። በብር ሳንቲሞቹ ላይ ያለው የአንበሳ ቆዳ የደፋው ሄርኩለስ ነው፤ ሄርኩለስ ግን የእስክንድር ቤተሰብ የዘር ሐረጉን የሚቆጥርበት ጀግና ነበርና ሳንቲሙን በእጁ የያዘ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ያስብ ነበር። እነዚህ ሳንቲሞች እሱ ከሞተ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ በየከተማው መታተማቸው ቀጥሏል።

በ331 ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ በግብጽ በረሃ ወዳለችው ሲዋ ሄዶ የግብጻውያኑን አምላክ የአሞንን ካህናት ጠየቀ። ካህናቱ የአምላክ ልጅ ብለው ሰላምታ ሰጡት ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመቄዶንያው የፊልጶስ ልጅነት ከአሞን ልጅነት ጋር ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ አብረው የዘመቱ አዛውንት ወታደሮች ይህ አልጣማቸውም። ሳማርካንድ ላይ በ328 ቅ.ል.ክ. በግብዣ መካከል ፊት ለፊት የተናገረውን ክሊተስን፣ ቀድሞ በጦር ሜዳ ሕይወቱን ያዳነለትን ሰው፣ በጦር ወግቶ ገደለው። በኋላ የመጡ ጸሐፍት ይህን ድርጊት አልደበቁትም፤ ከግድያው ይልቅ ግን ንጉሡ ለሦስት ቀን እንዴት እንዳለቀሰ አስፍተው ተረኩ። ጸጸቱ ራሱ የጀግናው ገጽታ ሆነ።

ሬሳው የማን ነው?

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። እስክንድር ሲሞት ልጁ ገና በማኅፀን ነበርና ግዛቱ የጄኔራሎቹ መቀራመቻ ሆነ። እያንዳንዳቸው እኔ ነኝ የእሱ ወራሽ ለማለት ሟቹን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ትልቅ ካልሆነ ውርሱም ትልቅ አይሆንምና።

ሁለት ዓመት ያህል የተደከመበት የወርቅ ሠረገላ ሬሳውን ይዞ ከባቢሎን ሲወጣ፣ የግብጹ ገዥ ቶለሚ ሶርያ ላይ ጠብቆ ወሰደው። መጀመሪያ ሜምፊስ፣ ቀጥሎ እስክንድርያ አኖረው። የግዛቱ እንደራሴ የነበረው ፐርዲካስ ተቆጥቶ ግብጽን ወጋ፤ አባይን ለመሻገር ሲሞክር ብዙ ሰው አልቆበት በራሱ መኮንኖች ተገደለ። ቶለሚ የእስክንድርን ራስ የዝሆን ቆዳ አልብሶ በሳንቲም አሳተመ፤ ሌላው ጄኔራል ሊሲማከስም የአሞንን የበግ ቀንድ ጆሮው ላይ ጠምዝዞ አሳተመው። ያ ቀንድ ወደፊት እንደምናየው ረጅም ጉዞ ይጠብቀዋል።

ቶለሚ በስተርጅናው የዘመቻውን ታሪክ ራሱ ጻፈ። መርከበኛው ኔያርከስ፣ አሪስቶቡለስ፣ ኦኔሲክሪተስ የየራሳቸውን ጻፉ። ፕሉታርክ እንደሚያወራው ኦኔሲክሪተስ እስክንድር ከአማዞኖች ንግሥት ጋር የተገናኘበትን ክፍል ለሊሲማከስ ሲያነብለት፣ ሊሲማከስ ፈገግ ብሎ ይህ ሲሆን እሱ ራሱ የት እንደነበረ ጠየቀው። በሕይወት ያሉ ምስክሮች ፊት እንኳ ተረቱ ይነበብ ነበር ማለት ነው።

የጠፉት መጻሕፍት

የእስክንድርን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ትልቁ ችግር ከላይ የጠቀስናቸው መጻሕፍት በሙሉ መጥፋታቸው ነው። በእጃችን ያሉት አምስት ዋና ዋና ትረካዎች፣ የዲዮዶሮስ፣ የኩርቲዮስ፣ የፕሉታርክ፣ የአሪያኖስና የዮስቲኖስ፣ ከእስክንድር ሞት ከሦስት እስከ አምስት መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ በሮማ ዘመን የተጻፉ ናቸው። ጸሐፍቱ የጠፉትን መጻሕፍት አንብበው የሚስማማቸውን መርጠዋል። አሪያኖስ ቶለሚን የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ ንጉሥ መዋሸት ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሳፍረዋል ይላል። የዛሬ ተመራማሪ ግን ዙፋኑን በእስክንድር ስም ያቆመ ንጉሥ ለመዋሸት ከማንም የበለጠ ምክንያት እንደነበረው ያስባል።

ምርጫው እንዴት ምስሉን እንደሚቀርጽ በጎርዲዮን ቋጠሮ ማየት ይቻላል። በ333 ቅ.ል.ክ. እስክንድር እስያን የሚገዛው ይፈታዋል የተባለለትን የሠረገላ ቋጠሮ አጋጠመው። በሥፍራው የነበረው አሪስቶቡለስ ችንካሩን ነቅሎ ቀንበሩን እንዳላቀቀው ጻፈ። ሌሎች ግን ሰይፉን መዝዞ ቆረጠው አሉ። ዓለም የያዘው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ብልሃተኛ ሰው ያሳያል፤ ሁለተኛው የሚፈለገውን ጀግና።

የቴብስ ነገር ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በ335 ቅ.ል.ክ. ያመፀችውን ይህችን የግሪክ ከተማ እስክንድር ከመሠረቷ አፈረሳት። ዲዮዶሮስ ከ6000 በላይ ሰው መገደሉን፣ ከ30000 በላይ መማረኩን ይናገራል። ከዚህ ሁሉ ጥፋት ውስጥ በሰው አእምሮ የቀረው ግን ንጉሡ የባለቅኔውን የፒንዳርን ቤት እንዳይነካ ማዘዙ ነው። ከተማይቱ ጠፍታ አንድ ቤት ተረፈ፤ ትውልድ የሚተርከውም ስለዚያ ቤት ነው። የፋርስ መናገሻ የፐርሴፖሊስ ቃጠሎም እንዲሁ ሁለት መልክ ይዟል። አሪያኖስ ፋርሶች አቴናን ላቃጠሉበት የታሰበበት በቀል አድርጎ ያቀርበዋል። ሌሎች በመጠጥ ግብዣ ላይ ታይስ የተባለች አቴናዊት ቀስቅሳው ችቦ አንሥቶ ወጣ ይላሉ። ይህች ሴት በኋላ የቶለሚ ውሽማ ሆና ልጆች ወልዳለታለችና፣ ስሟ ከቶለሚ መጽሐፍ ቀርቶ ከሆነ አያስገርምም።

ሮማ፦ አርአያም መቀጣጫም

«ታላቁ» የሚለው ቅጽል ከደረሱን ጽሑፎች መጀመሪያ የሚታየው እስክንድር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሮማዊው የአስቂኝ ተውኔት ጸሐፊ በፕላውተስ ሥራ ነው። የሮማ መኳንንት ቅጽሉን ወደዱት። ፖምፔ ራሱን ታላቁ አሰኘ፤ በ61 ቅ.ል.ክ. የድል ሰልፉ ላይ የእስክንድር ነው የተባለ ካባ ለብሶ ወጣ። ጁሊየስ ቄሣር ስፔን ውስጥ በእስክንድር ሐውልት ፊት፣ እሱ በዚህ ዕድሜ ዓለምን ሲይዝ እኔ ምን ሠራሁ ብሎ እንደተከዘ ተጽፏል። አውግስጦስ ግብጽን በያዘ ጊዜ መቃብሩን አስከፍቶ አየ፤ የቶለሚዎቹንም መቃብር ያይ እንደሆነ ሲጠየቅ ንጉሥ እንጂ ሬሳ ለማየት እንዳልመጣ መለሰ ይባላል።

ያው ሮማ ግን ሌላውንም ገጽ ሠራች። ፈላስፋው ሴኔካ እስክንድርን ራሱን መግዛት ያቃተው ዘራፊ አድርጎ ጠቀሰው። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዮስ ወደ ምዕራብ ቢመጣ ኖሮ ሮማ ታሸንፈው ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ያልተደረገ ጦርነት ላይ መከራከሩ በራሱ ምን ያህል እንደሚያስቀናቸው ያሳያል። የተያዘ የባሕር ወንበዴ ለእስክንድር የሰጠው መልስም ከዚህ ዘመን ነው፤ እኔ በአንድ ጀልባ ስለምሠራው ወንበዴ እባላለሁ፣ አንተ በብዙ መርከብ ስለምትሠራው ንጉሥ ተባልክ የሚል ይዘት አለው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን ወስዶ ፍትሕ የሌለው መንግሥት ከወንበዴ ጭፍራ በምን ይለያል ለሚለው ክርክሩ መነሻ አደረገው።

በፖምፔይ ከተማ በ1831 እ.ኤ.አ. የተገኘውና አሁን ኔፕልስ ሙዚየም ያለው የጠጠር ሥዕል በዚህ ረገድ ልብ ተብሎ መታየት ይገባዋል። በስተግራ እስክንድር ራሱን ሳይሸፍን፣ ዓይኑን አፍጥጦ በፈረስ ይመጣል። የሥዕሉ መካከል ግን የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ነው፤ በሠረገላው ላይ ሆኖ እጁን የሚዘረጋው እየወደቀለት ወዳለው ሰው ነው። ከታች አንድ ፋርሳዊ ወድቆ ሠረገላው ሊጨፈልቀው ሲል የራሱን ፊት በጋሻው ውስጥ ያያል። ይህን ሥዕል ያስደረገው ባለጠጋ የድል ሥዕል ሳይፈልግ አልቀረም፤ ሠዓሊው ግን ሐዘኑን ሁሉ ለተሸነፈው ሰጠ።

የተሸነፉት ሲወርሱት

በሦስተኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አካባቢ እስክንድርያ ላይ በግሪክኛ የተቀናበረ አንድ መጽሐፍ የእስክንድርን ዕጣ ለወጠው። በስሕተት ለካሊስቴነስ ስለተሰጠ ሊቃውንት «የሐሰተኛው ካሊስቴነስ» ይሉታል። መጽሐፉ የሚጀምረው በመጨረሻው የግብጽ ተወላጅ ፈርዖን በነክታኔቦ ነው። ነክታኔቦ ፋርሶች ሲመጡበት አገሩን ጥሎ በእርግጥ ሸሽቷል። በመጽሐፉ ግን ወደ መቄዶንያ ሄዶ ኮከብ ቆጣሪ መስሎ ቤተ መንግሥት ይገባና በአሞን አምሳል ከንግሥቲቱ ከኦሊምፒያስ ጋር ይተኛል። የሚወለደው እስክንድር ነው። እንግዲህ እስክንድር ግብጽ ሲገባ ወራሪ አይደለም፤ የአባቱን ዙፋን ሊያስመልስ የመጣ ልጅ ነው። የግብጽ ሰው ሽንፈቱን በአንድ የልደት ታሪክ ወደ ርስት መመለስ ለወጠው።

ፋርስም ሁለት መንገድ ሄደች። የዞሮአስተር ሃይማኖት ካህናት በመካከለኛው ፋርስኛ በጻፉት መጻሕፍት እስክንድር ርጉም ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያቃጠለ፣ ካህናትን የገደለ፣ የክፉው መንፈስ መልእክተኛ። ፊርዶውሲ በ1010 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው በ«ሻህናሜ» ግን ሲካንደር የፋርስ ንጉሥ የዳራብ ልጅ ነው። ዳራብ የፊልጶስን ልጅ አግብቶ ማርገዟን ሳያውቅ ወደ አባቷ ይመልሳታል፤ እስክንድር እዚያ ይወለዳል። ስለዚህ ከዳርዮስ ጋር የሚዋጋው በአባት የሚገናኘው ወንድሙ ነው። ዳርዮስ በራሱ ሰዎች ተወግቶ ሲወድቅ እስክንድር ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል፤ ሟቹም ልጁን እንዲያገባለት አደራ ይሰጠዋል። የመንግሥት ለውጥ በደም ሳይሆን በአደራ ያልፋል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ኒዛሚ የራሱን የእስክንድር መጽሐፍ ሲጽፍ ድል አድራጊውን ፈላስፋ፣ ቀጥሎም ነቢይ አደረገው።

በአይሁድ ዘንድ ዮሴፍ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እስክንድር ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ለሊቀ ካህናቱ እጅ ነሣ ይላል። ታሪክ ተመራማሪዎች ይህ ጉብኝት መደረጉን ይጠራጠራሉ፤ ተረኩ ግን ድል አድራጊውን በቤተ መቅደሱ ፊት አስጎንብሷል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ከምዕራብ የሚመጣው አውራ ፍየል የግሪክ ንጉሥ መሆኑ ተነግሯል፤ ትልቁ ቀንዱ በኃይሉ ጊዜ ይሰበራል፣ በምትኩ አራት ይወጣሉ። ተርጓሚዎች ይህን በእስክንድርና በጄኔራሎቹ ይተረጉሙታል። ታልሙድ ደግሞ ከገነት ደጅ አንድ የዓይን ብሌን ተሰጥቶት ወርቁንና ብሩን ሁሉ ቢመዝንበት ዓይኑ በልጦ እንደተገኘ ይተርካል። ሊቃውንቱ ጥቂት አፈር ጣሉበት ሲሉት ቀለለ፤ የሰው ዓይን የሚጠግበው አፈር ሲገባበት ብቻ ነውና።

በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ የተጠቀሰው ባለ ሁለት ቀንዱ ዙልቀርነይን ወደ ፀሐይ መግቢያና መውጫ ይጓዛል፤ የእጁጅና መእጁጅን (ጎግና ማጎግን) በብረትና በቀለጠ ነሐስ ግንብ ይዘጋል። ብዙ ተፍሲር ጸሐፍት ይህን ሰው እስክንድር ነው ብለዋል፤ የየመን ንጉሥ ነው፣ ሌላም ነው ያሉ አሉ። ጥንታዊው የሶርያ ክርስቲያኖች ትረካ ስለ ቀንዱና ስለ ግንቡ ተመሳሳይ ነገር ስለሚናገር፣ ምሁራን የሊሲማከስን ሳንቲም ቀንድ ከነዚህ ሁሉ ጋር ያያይዙታል። በእስልምና ዓለም በኩል እስክንድር ከሁሉ ርቆ ተጓዘ። የማላካ ሱልጣኖች የዘር ሐረጋቸውን እስክንድር ድረስ ቆጠሩ። ግሪዮት የሚባሉት የማሊ ታሪክ ተራኪዎችም ስለ ንጉሣቸው ስለ ሱንጃታ ሲያወሩ ከእሱ ጋር ያወዳድሩታል።

በግዕዝ ብራና

ዜና እስክንድር ወደ ግዕዝ የመጣው በዐረብኛ በኩል ነው። በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ተቀይሮበታል፤ አማልክቱ ቀርተው እስክንድር አንድ አምላክን የሚያመልክ፣ የሚጾምና የሚጸልይ፣ ድንግልናን የሚያከብር፣ ለጓደኞቹ ስለ ትንሣኤ ሙታን የሚያስተምር ሆኗል። ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ መስቀል ያልተሳለመ ጀግና ለአንባቢው አይበቃም ብሎ ይመስላል። እንግሊዛዊው ዋሊስ ባጅ በብሪቲሽ ሙዚየምና በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከነበሩ ብራናዎች ጽሑፎቹን ሰብስቦ በ1896 እ.ኤ.አ. ከነትርጉማቸው ለንደን ላይ አሳተማቸው። ስብስቡ የሐሰተኛውን ካሊስቴነስ የግዕዝ ቅጂ፣ የጊዮርጊስ ወልደ አሚድን፣ የአቡ ሻክርንና የዮሴፍ ወልደ ኮርዮንን የእስክንድር ክፍሎች፣ እንዲሁም ክርስቲያናዊ ተረክ የተባለውን ይዟል። አቡ ሻክር ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከዘመን አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ ወልደ ኮርዮንም ከዜና አይሁድ ይታወቃል። እስክንድር በእነዚህ መካከል መገኘቱ ዓለምን ከአዳም ጀምሮ በሚቆጥረው ታሪክ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት እንደነበር ያሳያል።

በግሪኩ ተረክ ውስጥም የእኛ ሰፈር አለበት። እስክንድር የራሱ መልእክተኛ መስሎ ወደ ሜሮኤዋ ንግሥት ወደ ቀንዳቄ ይሄዳል። እሷ ግን አስቀድማ መልኩን በሥውር አስላ ነበርና ሥዕሉን አውጥታ አጋለጠችው። የሐዋርያት ሥራ አንባቢ ህንደኬ ብሎ የሚያውቀው ይኸው የንግሥቶች ስም ነው። ዓለም ሁሉ የተሸነፈለት ንጉሥ በብልሃት የተሸነፈው ለኑቢያ ንግሥት መሆኑን ተረኩ ራሱ ያምናል። ኢትዮጵያ ደግሞ ስሙን ለንጉሥዋ አውጥታለች፤ አፄ እስክንድር ከ1478 እስከ 1494 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል።

ከድሮይሰን እስከ ባዲያን

ዘመናዊው ታሪክ ጥናት ተረቱን ለማጥራት ተነሣ፤ አዲስ ጀግናም ሠራ። ጀርመናዊው ድሮይሰን በ25 ዓመቱ በ1833 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እስክንድር ምሥራቅንና ምዕራብን አገናኝቶ ለክርስትና መንገድ የጠረገ የታሪክ መሣሪያ ነው። ጀርመን በብዙ መሳፍንት በተከፋፈለችበት ዘመን አንድ የሚያደርጋት ኃይለኛ መንግሥት ይናፍቅ የነበረ ሰው፣ የተከፋፈሉትን የግሪክ ከተሞች በጉልበት ያሰባሰበችውን መቄዶንያን ቢወድ የሚገርም አይደለም። በአንጻሩ የአቴናን ዲሞክራሲ የሚያከብረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ግሮት እስክንድርን ነፃነት የቀበረ አረመኔ ንጉሥ አድርጎ አየው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያዊው ታርን፣ በተለይ በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው፣ እስክንድር የሰው ልጆችን ሁሉ ወንድማማችነት ያለመ የመጀመሪያው ሰው ነው አለ። ዋና ማስረጃው በ324 ቅ.ል.ክ. በኦፒስ፣ ካመፁት ወታደሮቹ ጋር በታረቀ ጊዜ በግብዣ ላይ ያቀረበው ጸሎት ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ባዲያን ይህንን ማስረጃ ቃል በቃል መርምሮ ፈረሰ አለው፤ ጸሎቱ መቄዶንያውያንና ፋርሶች ግዛቱን አብረው እንዲገዙ እንጂ ሰው ሁሉ ወንድም ነው የሚል አይደለም። ባዲያን በቪየና የተወለደ፣ ከናዚ ያመለጠ አይሁዳዊ ነበር፤ አንድነትን የሚሰብክ ብቸኛ ገዥ ሲያይ መጠርጠሩን ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ከእሱ ወዲህ የመጡት፣ ለምሳሌ ቦስወርዝ፣ የሞቱትን ሰዎች ቁጥርና የዘመቻውን ጭካኔ ከመድረኩ ጀርባ አውጥተው ፊት አደረጉት። ፈረንሳዊው ፒየር ብሪያን ደግሞ ስለ ዳርዮስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተሸናፊው ለምን ያለ መልክ እንደቀረ ጠየቀ።

ፊልም፣ ሐውልትና ድንበር

በሲኒማም ሁሉም የየራሱን ነው ያየው። ሶህራብ ሞዲ በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ የሠራው «ሲካንደር» ለአገሩ የሚቆመውን ሕንዳዊ ንጉሥ ፖረስን ከወራሪው እኩል ከፍ አድርጎ አሳየ። ሕንዳዊ ተመልካች ማንን እንደሚያስብ ግልጽ ነበር። ኦሊቨር ስቶን በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም ደግሞ በእናትና በአባቱ መካከል የተጎተተ፣ ራሱን የሚጠራጠር ሰው አቀረበ።

የፖለቲካው ጉዳይ ግን ከፊልም ይከብዳል። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ነፃ የወጣችው መቄዶንያ እስክንድርን የራስዋ አደረገች። በ2006 እ.ኤ.አ. የዋና ከተማዋን የስኮፕዬን አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ሰየመች፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በከተማዋ አደባባይ ከነመቆሚያው ከ20 ሜትር በላይ የሚቆም ፈረሰኛ አቆመች። የግሪክ ቁጣ እንዳይባባስ ሐውልቱ በይፋ «ፈረስ ላይ ያለ ጦረኛ» ተባለ። ግሪክም ታሪካችን ተሰረቀ ብላ የጎረቤቷን ወደ ኔቶ መግባት አገደች። ነገሩ የተፈታው በ2018 እ.ኤ.አ. በፕሬስፓ ስምምነት ነው፤ አገሪቱ በስምምነቱ ሰሜን መቄዶንያ ተባለች፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ከዚያ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ሁለት አገሮች ዓመታት የፈጀ ድርድር ውስጥ የገቡት ከ2300 ዓመት በፊት የሞተ ሰው የማን አያት ነው በሚል ጭምር ነበር።

ምን ይቀራል?

ይህን ሁሉ ስናስተያይ ምስሉ የሚሠራበት መንገድ ይደጋገማል። መጀመሪያ ከብዙ ድርጊት ጥቂት ይመረጣል፤ ሰይፍ ይመረጣል፣ ችንካር ይቀራል። ቀጥሎ የትውልድ ሐረግ ይሰፋል፤ ድል አድራጊው የተሸናፊው አባት፣ ወንድም ወይም ቅድመ አያት ይሆናል። በመጨረሻም የዘመኑ ጥያቄ በአፉ ይነገራል፤ ለሮማ የሥልጣን ምኞት፣ ለፋርስ የንጉሥ ጥበብ፣ ለኢትዮጵያ ገዳማዊነት፣ ለጀርመን አንድነት፣ ለታርን የሰው ልጆች ወንድማማችነት ሆነ።

ከሦስቱ ኃይለኛው የዘር ሐረጉ ነው። እስክንድር ጎሣው ብቻ ቢያወድሰው ኖሮ ከመቄዶንያ ነገሥታት ጋር አብሮ በተረሳ ነበር። ያኖረው ግብጻዊው፣ ፋርሳዊው፣ ሶርያዊው፣ ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ነው። ይህ ግን ዋጋ አለው። ዘመድ የሆነ ሰው ስለ ገደለው አይጠየቅም። አሪያኖስ በጢሮስ 8000 ሰው መገደሉን፣ 30000 መሸጡን ጽፏል፤ በየተረኩ ግን የጢሮስ ሰዎች ከዘር ሐረጉ ውጭ ቀሩ። በመካከለኛው እስያ ለዓመታት የተዋጉት የሶግዲያና መንደሮችም እንዲሁ፤ በስማቸው የሚተርክ መጽሐፍ የለም።

ዛሬ ጥናቱ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ባክትሪያ ውስጥ ከተገኙት በ2012 እ.ኤ.አ. ከታተሙት የአራማይስጥ ሰነዶች አንዱ በእስክንድር ሰባተኛ ዓመት የተጻፈ የስንቅ ዝርዝር ነው። ከባቢሎን ጽላት ጋር ሲነበብ በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ ምን ይከፍል፣ ምን ያቀርብ እንደነበር ያሳያል። ስለዚህ የማንም አገር ድል አድራጊ ጀግና ሆኖ ሲቀርብልን መጠየቅ ያለብን ሁለት ነገር ነው፤ ዘመድ ያደረገው ማን ነው፣ ዘመድ በተደረገ ጊዜስ ከታሪኩ የወጡት እነማን ናቸው። ስለ እስክንድር ሁለተኛው ጥያቄ ገና መመለስ መጀመሩ ነው።